ስብ አያቀልጥም፤ ፍላጎት ነው የሚዘጋው፦ ስለ ኦዘምፒክና መሰሎቹ

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለች። ስለ ልጆቹ ጠየቀች፣ ስለ ብርዱ ጠየቀች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስሚ፣ ሰው የሚመጣ ካለ ያን መርፌ ላኪልኝ።»

የቱን መርፌ ብዬ አልጠየቅኳትም። አሜሪካ ለምንኖር ሰዎች ይህ ስልክ አዲስ አይደለም።

«አንዱ ፔን ይበቃናል» አለች ደግሞ፤ መድኃኒቱ የተሞላበትን እስክሪብቶ መሰል መወጊያ ማለቷ ነው። «ከእማዬ ጋር እንካፈለዋለን። እሷ ለስኳሯ፣ እኔ ለቦርጬ።»

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስኳር ያለብኝ ሰው ነኝ፤ መርፌውን በየሳምንቱ እሁድ ማታ እወጋለሁ። እሷም የደወለችው ፎቶዬን አይታ ነው። ግን እዚያች አጭር ንግግሯ ውስጥ ሦስት አደጋ ተደራርቧል። ስልኩ አንድ ሰዓት የፈጀውም ለዚህ ነው። ያልኳትን እዚህ ላስፍረው፤ ከእሷ በኋላም የሚደውል አይጠፋም።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ማንኛውንም የታሸገ ውሃ «ሃይላንድ» እንደምንለው፣ እነዚህን መርፌዎች ሁሉ «ኦዘምፒክ» ማለት ለምደናል። ኦዘምፒክ ውስጥ ያለው መድኃኒት ሴማግሉታይድ ይባላል። የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2017 መጨረሻ የፈቀደው ለዓይነት 2 ስኳር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ያው ሴማግሉታይድ መጠኑ ከፍ ብሎ፣ ዊጎቪ ተብሎ ለክብደት የተፈቀደው በ2021 ነው። ማውንጃሮ ደግሞ ሌላ መድኃኒት ነው፤ ቲርዜፓታይድ ይባላል። በ2022 ለስኳር ተፈቀደ፣ በ2023 ዜፕባውንድ በሚል ስም ለክብደት። ስለዚህ ጎረቤት «ኦዘምፒክ ነው የምወስደው» ቢላችሁ ገና ምንም አልነገራችሁም። የቱን? በስንት ሚሊግራም? ለምን?

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምግብ አንጀታችን ሲደርስ ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቀቃል። መልእክተኛ በሉት። ቆሽትን «ስኳር እየገባ ነው፣ ኢንሱሊን አውጣ» ይለዋል። ጨጓራን «ቀስ በል፣ የያዝከውን ቶሎ አታራግፍ» ይለዋል። አንጎልን ደግሞ «በቃ፣ ጠግበናል» ይለዋል። ችግሩ፣ ይህ መልእክተኛ ደም ውስጥ በደቂቃዎች ይፈርሳል። መድኃኒቱ የእሱ አምሳያ ነው፤ ግን ቶሎ እንዳይፈርስ ተደርጎ ተሠርቷል። ሴማግሉታይድ ከተወጋ በኋላ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። በሳምንት አንዴ የሚወጋው ለዚህ ነው።

የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው መድኃኒት ከእንሽላሊት መርዝ ነው የተነሳው ስላት የአክስቴ ልጅ አላመነችኝም። እውነት ነው። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብና በሜክሲኮ በረሃ ጂላ ሞንስተር የምትባል መርዘኛ እንሽላሊት አለች። ጆን ኤንግ የሚባል የኒውዮርክ ተመራማሪ ሐኪም መርዟ ውስጥ ጂኤልፒ-1ን የሚመስል ነገር አገኘ። ከዚያ የተገኘው ኤክሴናታይድ በ2005 ለስኳር ተፈቀደ።

ልብ በሉ፤ ከዘረዘርኳቸው ሦስት ሥራዎች ውስጥ «ስብ ማቅለጥ» የሚባል የለም። መርፌው ፍላጎት ይዘጋል። ፍላጎቱ የተዘጋበት ሰው ትንሽ ይበላል። ትንሽ የበላ ይከሳል። በቃ ይኸው ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም ጥንቃቄውም ከዚህ ነው የሚመዘዘው።

ፍላጎት መዘጋት ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ድሮ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ምሳ ምን እንደምበላ ነበር የማስበው። ቁርሴን ከበላሁ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ። መርፌውን ከጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ቀና ብዬ ሰዓት ሳይ ዘጠኝ ሆኗል፤ ምሳ ዕቃዬ ቦርሳዬ ውስጥ እንደተዘጋ ነው። አልራበኝም ብቻ ሳይሆን አላሰብኩትም። እዚህ ሰዎች «የምግብ ጫጫታ» ይሉታል፤ ያ ጫጫታ ነው ጸጥ ያለው። ደስ አለኝ። ትንሽም ፈራሁ።

ቁጥሩን ስጪኝ ላለችኝ ያልኳት ይህ ነው። በ2021 በታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ስኳር ለሌለባቸው 1,961 ሰዎች ለ68 ሳምንት ክትትል ተደረገላቸው። ሴማግሉታይድ የተወጉት በአማካይ የክብደታቸውን 14.9 በመቶ ቀነሱ። መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተሰጣቸው 2.4 በመቶ። ሁለቱም ወገኖች የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር አግኝተዋል። መቶ ኪሎ የነበረ ሰው 85 ገባ ማለት ነው፤ ግን አንድ ዓመት ከሩብ ፈጅቶበት። ቲርዜፓታይድ በከፍተኛው መጠን በ72 ሳምንት 20.9 በመቶ አድርሷል። ስኳር ያለብን ሰዎች ግን ቅናሻችን አነስ ይላል፤ ሴማግሉታይድ ላይ 9.6 በመቶ ነው የተመዘገበው። እነዚህ ሁሉ አማካይ ናቸው። ብዙ የሚቀንስ አለ፣ ንቅንቅ የማይልም አለ።

አሁን ሰው መስማት የማይፈልገው ክፍል። ከዚያው ጥናት የተወሰኑት ሰዎች መርፌውን ካቆሙ በኋላም ክትትሉ ቀጥሎ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከጣሉት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። አሥራ አምስት ኪሎ የጣለ አሥሩን መልሶ ተሸከመ። ይህ የሰው ስንፍና አይደለም። መዝጊያው ሲነሳ ፍላጎቱ ይመለሳል። «ለወንድሜ ሰርግ ሁለት ወር ልወጋና ላቁም» ማለት የማያዋጣውም ለዚህ ነው። ሲጀመር በሁለት ወር ውስጥ የሚሠራው መጠን ላይ እንኳ አይደረስም።

ምክንያቱም መሰላል አለው። ዊጎቪ ሲጀመር 0.25 ሚሊግራም ነው፤ አራት ሳምንት። ቀጥሎ 0.5፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ 1.7፣ በመጨረሻ 2.4። በየደረጃው አራት አራት ሳምንት። የመጀመሪያው መጠን የሚያከሳ ሳይሆን ሆድን የሚያለማምድ ነው። «ምንም አልተሰማኝምና ላሳድገው» ብሎ ደረጃ የዘለለ ሰው ሌሊቱን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ያድራል። አንዴ ከገባ ደግሞ ማውጫ የለውም፤ ሳምንቱን ሙሉ አብሮ ነው። አንድ ሳምንት ያመለጠውም በሚቀጥለው እጥፍ አይወጋም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካመለጠ ምናልባት ከታች መጀመር ይኖርበታል፤ ሐኪሙን ይጠይቅ። እኔ ራሴ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ጠፍቶብኝ አንድ ወር ቆይቼ ከታች ነው የጀመርኩት።

ለማን ነው? ዊጎቪ የተፈቀደው ቢኤምአይ የሚባለው የክብደትና የቁመት ምጣኔ 30 እና ከዚያ በላይ ለሆነ አዋቂ ነው። ወይም 27 ሆኖ ከክብደት ጋር የተያያዘ ሕመም ላለበት፣ ለምሳሌ ደም ግፊት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ለሆነች ሴት 30 ማለት 82 ኪሎ ገደማ ነው፤ 27 ማለት 73 ኪሎ ተኩል። የአክስቴን ልጅ ቁመት ስጠይቃት «1 ከ65» አለች። ክብደቷን ስጠይቅ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

ጨርሶ የማይወስዱትም አሉ። ሜዱላሪ የሚባለው የእንቅርት ዕጢ ካንሰር በራሱም ሆነ በቤተሰቡ የነበረበት ሰው አይወስድም። ነፍሰ ጡር አትወስድም፤ ለማርገዝ የምታስብም ሴማግሉታይድን ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማ ታቆማለች። ቲርዜፓታይድ ደግሞ የወሊድ መከላከያ ክኒንን ሊያደክም ይችላል፤ ሲጀመርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ሌላ መከላከያ መደረብ ያስፈልጋል። ቆሽቱ ተቆጥቶ የሚያውቅ ሰው ለሐኪሙ ይናገር። ቀዶ ሕክምና ያለበትም እንዲሁ። ጨጓራው ቀርፋፋ ስለሆነ፣ ሳይበላ ቢያድርም ምግብ ሊገኝበት ይችላል፤ በማደንዘዣ መሀል ወደ ሳንባ መግባቱ ነው አደጋው።

ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው። ብዙውን ጊዜ መጠን ሲጨመር ይመጡና ይበርዳሉ። ግን ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ የማይለቅ ከባድ የሆድ ሕመም ከመጣ ቆሽት ሊሆን ይችላል። በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚቆርጥ ሕመም ወይም የዓይን ቢጫ መሆን የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ውሃ እንኳ ሆድ አልረጋ ካለ ኩላሊት ይጎዳል። እነዚህን «ነገ ይሻለኛል» ብሎ ማሳደር የለም። ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ወደ ሳህኑ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። ሰው ሲከሳ የሚቀንሰው ስቡ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። ፍላጎቱ የተዘጋ ሰው ደግሞ አራት አምስት ጉርሻ በልቶ ነው እጁን የሚታጠበው። ጥያቄው እነዚያ ጉርሻዎች ምን ነበሩ የሚለው ነው። የኛ አበላል እንጀራ ይበዛበታል፤ ወጡ ማጣፈጫ ነው። በሁለት ጥቅልል እንጀራ የሞላ ጨጓራ ለዕንቁላሉም ለሥጋውም ለምስሩም ቦታ የለውም። እኔ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ዕንቁላሉን፣ ዓሣውን፣ ዓይቡን ወይም ወፈር ያለ ምስር በማንኪያ። እንጀራው በመጨረሻ፣ ቦታ ከተረፈ። እናቴ ብታየኝ ታዝናለች፤ ወጥ በማንኪያ! ከዚህ ጋር በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር። የስፖርት ቤት ክፍያ ከሌለ ደረጃ መውጣት፣ ከወንበር ያለ እጅ መነሳትና መቀመጥም ይቆጠራል።

ጉርሻ ሌላው ፈተና ነው። የዛሬ ዓመት ፋሲካ ሰው ቤት ተጠርቼ ነበር። መጠኔ ከጨመረ ገና አምስት ቀኑ። የቤቱ እመቤት ቅቤ የሚንሳፈፍበትን ዶሮ «በሞቴ» እያሉ ሁለት ጊዜ አጎረሱኝ። እምቢ ማለት ነውር ሆነብኝ፤ መርፌ ላይ መሆኔንም መናገር አፈርኩ። ቀርፋፋ ጨጓራ ላይ ቅባት ሲወርድበት የሚሆነውን ልተወው፤ የመጣሁበትን መኪና ባለቤት ግን እስካሁን እክሳለሁ። አሁን ስጋበዝ ገና ከበር «ጨጓራዬን አሞኛል» እላለሁ። ውሸትም አይደለም።

ጾም ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይገጥማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀር የሚተው ሰው መርፌው ጥማቱንም ረሃቡንም ስላደበዘዘበት ሰውነቱ መድረቁ አይታወቀውም። ረመዳን የሚጾሙትም ያው ናቸው፤ የባሕረ ሰላጤው አገር ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ሁለተኛው ፕሮቲን ነው። የጾም ፕሮቲን የለም አይባልም፤ ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ አተር አለ፣ ሱፍ አለ። ግን ፍላጎት በሌለው ሆድ ከዚህ በቂውን ማግኘት ሆን ተብሎ ካልታሰበበት አይሆንም። ንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «ሐኪምሽ ያለሽን አድርጊ፤ መድኃኒትና ውሃ አይከለከልም» አሉኝ። እኔን የጠቀመኝ ሐኪሙን ከጾሙ በፊት መጠየቄ ነው፤ አጋማሹ ላይ ወድቄ ቢሆን ዘግይቼ ነበር።

አሁን ወደዚያ «እንካፈለዋለን» ወዳለችው ልመለስ። ኦዘምፒክ አንዱ ፔን ውስጥ የብዙ ሳምንት መጠን አለ። ጫፉ ላይ የሚገጠመው ቀጭን መርፌ በየጊዜው ይቀየራል፤ ስለዚህ ሰው መርፌውን ከቀየርን ምን አለበት ይላል። አለበት። ስትወጉ ደም ወደ ፔኑ ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ ሄፓታይተስም ኤችአይቪም በዚያ ሊሻገር ይችላል። እናትና ልጅም ቢሆኑ አንድ ፔን ለአንድ ሰው ነው።

በሰው መላኩ ሌላ ጣጣ ነው። ያልተከፈተ ፔን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ኦዘምፒክ አንዴ ሥራ ከጀመረ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ 56 ቀን ይቆያል። አንዴ ከበረደና ከረጋ ግን ቢቀልጥም አይሆንም፤ ይጣላል። ማቀዝቀዣው ውስጥ በረዶ ከሚሠራው የጀርባ ግድግዳ ይራቅ። አውሮፕላን ላይ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው። አንድ ወዳጅ ሦስት ቀን መንገድ ላይ አንገላቶ ያመጣላችሁ ፔን መልኩ ውሃ መስሎ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፤ መሥራቱን ግን ዓይን አያይም።

ከዚያ የሚብሰው በቴሌግራም የሚሸጠው ነው። በ2023 ኦስትሪያ ውስጥ ሰዎች ሐሰተኛ ኦዘምፒክ ነው ተብሎ የተጠረጠረ መርፌ ተወግተው ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ውስጡ ኢንሱሊን ሳይሆን አልቀረም ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በብልቃጥ እየተቀመመ የሚሸጥ አለ። በሲሪንጅ እየቀዱ መውጋት ነው። በ2024 ኤፍዲኤ እንዳለው ሰዎች «ዩኒት»ን ከ«ሚሊግራም» ጋር እያምታቱ ከታዘዘላቸው ከ5 እስከ 20 እጥፍ ወግተዋል። ሲሪንጁ ላይ ያለው 10 ቁጥር የፈሳሹ ልክ ነው፤ መድኃኒቱ ስንት እንደሆነ አይናገርም።

«እሺ ሜትፎርሚንስ? እሱ እዚህ ሞልቷል» አለችኝ። ሜትፎርሚን የከበረ የስኳር መድኃኒት ነው፣ ርካሽም ነው። ለክብደት መቀነሻ ግን የተፈቀደ አይደለም። በ2002 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ስኳር ሊይዛቸው አፋፍ ላይ የነበሩ ሰዎች በሜትፎርሚን በአማካይ 2.1 ኪሎ ቀነሱ። በአመጋገብና በእንቅስቃሴ የሠሩት 5.6 ኪሎ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል፤ ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላል ነው። ዓመቱን ከግማሽ በላይ የሚጾም ሰው እግሩን የሚያደነዝዘው ከሆነ ስኳሩን ብቻ አይውቀስ፤ ቢ12ቱን ያስለካ።

በጣም ያስፈራኝ የእናቷ ነገር ነበር። «እማዬ የምትውጠው ክኒን ስሙ ምንድን ነው?» አልኳት። ሄዳ አመጣችና አነበበችልኝ፤ ግሊበንክላሚድ። ሴማግሉታይድ ብቻውን ስኳርን አደገኛ ዝቅታ ላይ ብዙም አይጥልም፤ ቆሽትን የሚያዘው ስኳር ሲኖር ነው። ግሊበንክላሚድ ግን ስኳር ይኑር አይኑር ቆሽቱን እየጨመቀ ኢንሱሊን ያስወጣል። አሁን ደርቡት፤ ክኒኑ ስኳር ያወርዳል፣ መርፌው ፍላጎት ዘግቶ ምሳ ያስረሳል። ከሰዓት በኋላ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር። ብቻቸውን ቤት የሚውሉ የ68 ዓመት ሴት ናቸው። ሐኪም ሁለቱን አብሮ ሲያዝ የክኒኑን መጠን ይቀንሳል፣ ወይም ያቆመዋል። ዓይንም ያስመረምራል፤ ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር በአንዴ ሲወርድ ቀድሞ የተጎዳ የዓይን መጋረጃ ሊባባስ ይችላል።

ፔኑን አልላክሁም። ተቀይማኝ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ዝም አለች። ከዚያ ደወለች። እናቷን ይዛ ሐኪም ዘንድ ሄዳለች፤ የክኒኑ ነገር ተስተካክሎ የዓይን ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። እሷም እግረ መንገዷን ተመዝናለች፤ 71።

«እና አሁን ሰው የሚመጣ ካለ…» አለች። ልቤ ዘለለ።

«የእግር ጉዞ ጫማ። ቁጥር 39።»